ወዳጅ ያላት አገር ለምን ትሸነፋለች?

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በአራት ኪሎና በፒያሳ የቡና ወሬ አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይነሳል። «ከእኛ ጋር ማን ነው?» የሚል ነው። ጥያቄው ያለ ምክንያት አልመጣም። ታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ኢትዮጵያ ከሶማሊላንድ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ፈረመች። የብሪክስ አባልነቷም የጀመረው በዚያው ቀን ነው። ነሐሴ ላይ ግብፅና ሶማሊያ የመከላከያ ስምምነት ተፈራረሙ። መስከረም 30 ቀን 2017 የግብፅ፣ የኤርትራና የሶማሊያ መሪዎች አስመራ ላይ ተገናኙ። ታኅሣሥ 2 ቀን ደግሞ ቱርክ የኢትዮጵያንና የሶማሊያን መሪዎች አንካራ ላይ አቀራረበች።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ወሬው የወዳጅ ቆጠራ ሆኗል። እነ እገሌ ከእነሱ ጋር፣ እነ እገሌ ከእኛ ጋር ይባላል። ብዙ ወዳጅ የቆጠረ እንደሚያሸንፍ ተደርጎ ይወሰዳል። ቆጠራው የሚዘልለው ነገር አለ። ወዳጅ ያላቸው አገሮች በጦርነት ተሸንፈዋል። አንዳንዶቹ የተሸነፉት ወዳጅ ስለነበራቸው ነው።

ይህ ሲነገር ብዙ ሰው ወዲያው ክህደትን ያስባል። ክህደት አለ። ይሁን እንጂ ጉዳቱ የሚጀምረው ከዚያ ቀደም ብሎ ነው። አንድ አገር በወዳጇ ተማምና የጠላቶቿን ዝርዝር፣ የጦር ዕቅዷንና የመሣሪያ ምንጯን ስትቀይር ያኔ ተጀምሯል። ወዳጁ በቀረ ዕለት የምትወድቀው፣ ለብቻዋ መቆም የማትችል ሆና ስለቆየች ነው።

## ሦስት ዓይነት ወዳጅነት

በመጀመሪያ የምንነጋገርበትን ነገር እንለይ። ጥምረት ወይም አሊያንስ የሚባለው፣ አንዱ ሲወጋ ሌላው ሊደርስለት በጽሑፍ የሚገባ ውል ነው። ኔቶ የታወቀው ምሳሌ ነው። የጋራ ደኅንነት የሚባለው ደግሞ ይለያል። በዚህኛው ጠላት አስቀድሞ አይታወቅም። ከአባላቱ መካከል ማንም ወረራ ቢፈጽም ሌሎቹ ሁሉ በወራሪው ላይ እንዲነሱ የሚያስገድድ ስምምነት ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የነበረው የዓለም መንግሥታት ማኅበር የቆመው በዚህ ሐሳብ ላይ ነበር። ሦስተኛው አንዱ መሣሪያ ሻጭና አሠልጣኝ፣ ሌላው ገዥና ሠልጣኝ የሚሆኑበት ግንኙነት ነው። በአፍሪካ ቀንድ በብዛት ያለው ይህ ሦስተኛው ነው። በወሬ ግን ሦስቱም «አጋር» ተብለው አንድ ላይ ይጨፈለቃሉ። መሣሪያ የሸጠልን አገር ወታደር እንደሚልክልን ሆኖ ይወራል።

የዓለም አቀፍ ግንኙነት አጥኚዎች በጥምረት ውስጥ ሁለት አደጋ እንዳለ ይናገራሉ። አንዱ መጎተት ነው፤ የወዳጅን ጠብ ወርሶ የራስ ባልሆነ ጦርነት ውስጥ መግባት። ሌላው መተው ነው፤ በጭንቅ ቀን ወዳጅን ማጣት። ሁለቱ በተለያየ ጊዜ የሚመጡ ይመስላሉ። በእኛ ታሪክ ግን በአንድ ውል ውስጥ ተከታትለው መጥተዋል።

## የሌላውን ጠላት መውረስ፦ ከሂዌት ስምምነት እስከ መተማ

ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1868 ዓ.ም. የግብፅን ጦር ጉንደትና ጉራ ላይ ሁለት ጊዜ አሸንፈዋል። ያም ሆኖ ምጽዋና በከረን ዙሪያ ያለው ቦጎስ ከግብፅ እጅ አልወጡም። ጥቂት ዓመታት አልፈው ሱዳን ውስጥ የመሐዲስቶች፣ በእኛ አጠራር የድርቡሾች፣ ዐመፅ ተነሳ። እ.ኤ.አ. በ1882 ግብፅን የያዘችው ብሪታንያ ችግር ገጠማት። የግብፅ ወታደሮች በምሥራቅ ሱዳን ከተሞች ውስጥ ተከበቡ። ማውጫው መንገድ በኢትዮጵያ በኩል ነበር።

የብሪታንያው የባሕር ኃይል አዛዥ አድሚራል ሂዌት ወደ አድዋ የመጣው ለዚህ ነው። ግንቦት 1876 ዓ.ም. ስምምነቱ ተፈረመ። ብሪታንያና ግብፅ ቦጎስን ለኢትዮጵያ ሊመልሱ፣ መሣሪያን ጨምሮ ማንኛውም ዕቃ በምጽዋ በነፃ እንዲያልፍ ሊፈቅዱ ተስማሙ። ዮሐንስ በበኩላቸው የተከበቡት ወታደሮች በአገራቸው በኩል እንዲወጡ ሊረዱ ቃል ገቡ።

በወረቀት ላይ ሲታይ መልካም ውል ነው። አንዳንድ የታሪክ ሰዎች ዮሐንስ በጦርነት ያላገኙትን ቦጎስን ያለ ጥይት እንዳገኙ ይናገራሉ፤ ልክ ናቸው። ችግሩ ያለው በልውውጡ ሚዛን ላይ ነው። ኢትዮጵያ የሰጠችው ነገር የሚመለስ አልነበረም። የተከበበውን ጦር ለማውጣት የገባ ሁሉ የከበበው ጦር ጠላት ይሆናል። ብሪታንያ የሰጠችው ግን በማንኛውም ቀን ሊነሳ የሚችል የወደብ ፈቃድ ነበር።

ራስ አሉላ ሥራውን ሠሩ። ከበርካታ ከተሞች ተከባቢዎቹ ወጡ። ብሪታንያ ደግሞ ሌላ ስሌት ላይ ነበረች። ምጽዋ በፈረንሳይ እጅ እንዳትወድቅ ትሰጋለች፤ ራሷም ልትይዘው አትፈልግም። ስለዚህ በጥር 1877፣ ውሉ በተፈረመ በስምንት ወሩ ገደማ፣ በብሪታንያ ይሁንታ ጣሊያን ምጽዋ ገባች። የምጽዋ ነፃ መተላለፊያ የሚለው አንቀጽ በዚያው ትርጉም አጣ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን በቅደም ተከተል ማየት ይጠቅማል። መስከረም 1878 ራስ አሉላ የድርቡሽን ጦር ኩፊት ላይ ድል ነሱ። ሊያድኗት የሄዱላት የሱዳኗ ከተማ ከሰላ ግን ቀድማ ወድቃ ነበር። ጥር 1879 ደግሞ እኚሁ ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ የጣሊያንን ጦር ደመሰሱ። አንድ ጦር በሁለት ግንባር፣ ከሁለት የተለያዩ ጠላቶች ጋር ገጠመ ማለት ነው። አንዱ ጠላት በውሉ ምክንያት የተገኘ ነው። ሌላውን ያስገባው የውሉ ፈራሚ ነው። በ1880 ድርቡሾች የንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ጦር አሸንፈው ጎንደርን አቃጠሉ። ዮሐንስ ቆይተው ለድርቡሾች የሰላም ሐሳብ ላኩ። በአውሮፓውያን ላይ በጋራ እንቁም የሚል ነበር። አልተቀበሏቸውም። ከአራት ዓመት በፊት የተወሰደው ወገንተኝነት ያንን በር ዘግቶታል። መጋቢት 1881 ንጉሠ ነገሥቱ መተማ ላይ ወደቁ። ጣሊያንም ሳይቆይ አስመራን ያዘ።

እርግጥ ነው፣ ድርቡሾች ያለ ሂዌት ስምምነትም ወደ ኢትዮጵያ ሊዘምቱ ይችሉ ነበር። ጣሊያንም ቀይ ባሕር ላይ ዓይኑን ከጣለ ቆይቷል፤ አሰብ ላይ ቀድሞ ሰፍሯል። ውሉ ብቻውን መተማን አላመጣም። ውሉ ያመጣው ጊዜውን ነው። ሁለቱ ጠላቶች በአንድ ሰሞን፣ በሁለት አቅጣጫ እንዲመጡ አደረገ። በደንብ ያልታጠቀ ጦር አንዱን ከሌላው አስቀድሞ መግጠም ካልቻለ ዕድሉ ይጠብባል።

## በቃል ኪዳን ላይ የተሠራ የጦር ዕቅድ

ሁለተኛው ምሳሌ የ1928ቱ ወረራ ነው። ሕዝቡ በደንብ ያውቀዋል። የሚነገረው ግን ከሽንፈቱ በኋላ ያለው ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን 1928 ጄኔቭ ላይ በዓለም መንግሥታት ማኅበር ጉባኤ ያሰሙት ንግግር። ለዚህ ጽሑፍ የሚጠቅመው ግን ከጦርነቱ በፊት የሆነው ነው።

ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የማኅበሩ አባል ሆነች። የማኅበሩ ቃል ኪዳን አንቀጽ 16፣ አንድ አባል ሌላውን ቢወር ሁሉንም እንደወጋ ይቆጠራል ይላል። ኅዳር 1927 ወልወል ላይ ግጭት ሲነሳ ኢትዮጵያ ጉዳዩን ወደ ጄኔቭ ወሰደች። ወረራው ሲቃረብም ንጉሠ ነገሥቱ ጦራቸው ከድንበር 30 ኪሎ ሜትር ወደኋላ እንዲመለስ አዘዙ። ዓላማው ግልጽ ነው። ጠብ አጫሪው ማን እንደሆነ ዓለም እንዲያይ ነው። በጄኔቭ ዓይን ይህ ትክክለኛ ውሳኔ ነበር። በጦር ሜዳ ዓይን ሲታይ ግን ለጠላት በነፃ የተተወ መሬት ነው። መስከረም 22 ቀን 1928 የጣሊያን ጦር መረብን ሲሻገር የድንበር ተከላካይ አላጋጠመውም።

ማኅበሩ ጣሊያንን ወራሪ ብሎ ፈረጀ፤ ማዕቀብም ጣለ። ማዕቀብ ማለት ንግድና ብድር በመከልከል የሚደረግ ቅጣት ነው። ነዳጅ ግን ከዝርዝሩ ውስጥ አልገባም። የስዊዝ ቦይም አልተዘጋም። የጣሊያን ወታደርና የመርዝ ጋዝ በዚያው በኩል አለፈ። የመሣሪያ ሽያጭ እገዳ ደግሞ ለወራት በሁለቱም ተፋላሚዎች ላይ ጸንቶ ነበር። ጣሊያን መሣሪያዋን ራሷ ትሠራለች። ኢትዮጵያ ጥይት የምታገኘው በግዢ ነው። እኩል የሆነ እገዳ የሚጎዳው አንዱን ብቻ ነበር።

ለምን እንዲህ ሆነ? ብሪታንያና ፈረንሳይ የጀርመን መነሳት አስፈርቷቸዋል። ጣሊያንን በሂትለር ላይ ከጎናቸው ማቆየት ፈልገዋል። በሚያዝያ 1927 ሦስቱ ስትሬሳ ላይ የተስማሙት ለዚህ ነው። ኅዳር 1928 መጨረሻ ላይም የብሪታንያና የፈረንሳይ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮች፣ ሆርና ላቫል፣ የኢትዮጵያን ሰፊ መሬት ለጣሊያን የሚሰጥ ዕቅድ አዘጋጁ። ዕቅዱ ጋዜጣ ላይ ሲወጣ ቁጣ ተነሳና ከሸፈ። ኢትዮጵያን ያስጨረሰው የእነሱ የራሳቸው የጥምረት ስሌት ነው። ስሌቱም አልሠራም፤ ጣሊያን መጨረሻ ላይ የተሰለፈችው ከሂትለር ጎን ነው።

ኢትዮጵያ ምን ማድረግ ነበረባት? ይህን ጥያቄ በቀላሉ የሚመልስ ሰው አልተማመንበትም። ከማኅበሩ ውጭ ሌላ በር አልነበራትም። አውሮፕላንና ፀረ አውሮፕላን መሣሪያ፣ የመገናኛ ሬዲዮ፣ የሠለጠነ መኮንን በብዙ ያንሳት ነበር። ማይጨው ላይ ሽንፈት የመጣው በዚህም ጭምር ነው። ዳኝነቴ ይህ ነው፦ ጄኔቭ መሄድ ስሕተት አልነበረም፤ ሰፊ አገር ያለው ጦር በሽምቅ እንዲዋጋ ቀድሞ አለማደራጀቱ ግን ዋጋ አስከፍሏል። አርበኞቹ ይህን በኋላ ለአምስት ዓመት ሲያደርጉት ተችሏል።

## መለዋወጫው ሲቆም

ከቸርችል ጎዳና ወደ ጥቁር አንበሳ ሲወጣ የትግላችን ሐውልት ይታያል። በኦጋዴን ጦርነት ለወደቁ ኢትዮጵያውያንና ኩባውያን የቆመ ነው። በሐውልቱ ላይ ያለው የወዳጅነት ታሪክ የእኛ ነው። ያው ጦርነት ከሞቃዲሾ ሲታይ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። ወዳጅ እንዴት እንደሚያስሸንፍ የሚያሳየው ያኛው ገጽታ ነው።

ሶማሊያ ሐምሌ 1966 ከሶቭየት ኅብረት ጋር የወዳጅነት ውል ፈርማለች። ታንኩ፣ ሚጉ፣ መድፉ፣ አሠልጣኙ ሁሉ ሶቭየታዊ ነበር። የሶማሊያው መሪ ሲያድ ባሬ በዚህ ጦር ሐምሌ 1969 ኦጋዴንን ወረሩ። በዚያ ሰሞን ከአሜሪካ የመከላከያ መሣሪያ በመርሕ ደረጃ ሊሰጣቸው እንደሚችል ምልክት አግኝተው ነበር። ወረራው ሲገለጥ አሜሪካ ያንን ሐሳብ አነሳች። ሞስኮ በበኩሏ ወደ አዲስ አበባ አዘነበለች። ኅዳር 1970 ሲያድ ባሬ ውሉን ሰርዘው ሶቭየቶችን አባረሩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከሞስኮ ጥይትና መለዋወጫ አልመጣላቸውም። ጦራቸውን ያሠለጠነው ኃይል ደግሞ አሁን ኢትዮጵያ ውስጥ የመልሶ ማጥቃት ዕቅድ ይነድፋል። የካቲት 26 ቀን 1970 የካራማራ ድል መጣ።

ሶማሊያን እዚህ ያደረሳት የወዳጅ ማነስ አይደለም። ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ከአፍሪካ በጣም ከታጠቁት ጦሮች አንዱ ነበራት። ያጠፋት መሣሪያዋ ሁሉ ከአንድ ቧንቧ መምጣቱ ነው። ቧንቧው ሲዘጋ እሱን የሚተካ ሌላ አልነበራትም።

ኢትዮጵያም የዚህ ድል ዋጋ በኋላ ደርሶባታል። ሚያዝያ 1969 ደርግ አሜሪካኖችን አስመራ ከነበረው የቃኘው ጦር ሰፈራቸው ሲያስወጣ ለሩብ ምዕተ ዓመት ገደማ የቆየው የመሣሪያ ምንጭ ተቋረጠ፤ ሠራዊቱ እንደገና በሶቭየት መሣሪያ ተሠራ። የሶቭየት መሪ ሆኖ ጎርባቾቭ መጥቶ ሞስኮ እጇን ስትሰበስብ፣ ኩባውያንም እ.ኤ.አ. በ1989 ወጥተው ሲያልቁ ሌላ በር አልተከፈተም። ደርግ የወደቀው በዚህ ብቻ አይደለም። የገዛ ሠራዊቱ ተስፋ መቁረጥና የፖለቲካው መክሰር ዋነኛ ናቸው። ይሁንና በመጨረሻዎቹ ዓመታት መሣሪያው የት እንደሚገኝ መጨነቅ የዕለት ተዕለት ጉዳይ ነበር።

ካቡል የቅርቡ ምሳሌ ናት። የአፍጋኒስታን አየር ኃይል በአሜሪካ ኮንትራክተሮች፣ ማለትም በውል በተቀጠሩ የጥገና ሠራተኞች፣ ላይ ተደግፎ ነበር። እ.ኤ.አ. የካቲት 29 ቀን 2020 ዶሃ ላይ አሜሪካና ታሊባን ሲፈራረሙ የካቡል መንግሥት በጠረጴዛው ዙሪያ አልነበረም። ኮንትራክተሮቹ ሲወጡ አውሮፕላኖቹ ቆሙ። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 15 ቀን 2021 ካቡል ወደቀች። አርመንም ከሩሲያ ጋር የጋራ መከላከያ ውል ነበራት። ሩሲያ ግን ውሉ አርመን ከአዘርባጃን ጋር የተዋጋችበትን ካራባኽን አይሸፍንም አለች። የውል ቃል በጭንቅ ቀን የሚነበበው በሰጪው መነጽር ነው።

## ደካማው ወዳጅ ጠንካራውን ሲጥል

እስካሁን ያየነው ትንሹ በትልቁ ሲጎዳ ነው። ተቃራኒውም አለ። ጀርመን እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1914 ለኦስትሮ ሃንጋሪ ያለ ገደብ ድጋፍ እንደምትሰጥ አረጋገጠች። በወዳጇ የባልካን ጠብ ተጎትታ በሁለት ግንባር ተዋጋች። እ.ኤ.አ. መስከረም 1918 መጨረሻ ላይ ደግሞ ትንሿ ቡልጋሪያ ተኩስ አቁም ስትፈርም የጥምረቱ ደቡባዊ በር ተከፈተ። ኦቶማንና ኦስትሮ ሃንጋሪ ተከተሏት። በኅዳር 11 ጀርመንም ፈረመች።

በሁለተኛው ጦርነትም ስታሊንግራድ ላይ ሶቭየቶች የመቱት ጠንካራውን የጀርመን ጦር ፊት ለፊት አልነበረም። እ.ኤ.አ. ኅዳር 19 ቀን 1942 የተጀመረው ጥቃት ያነጣጠረው በቂ ፀረ ታንክ መሣሪያ በሌላቸው የሩማንያ ጦሮች በተያዙት ክንፎች ላይ ነው። ክንፎቹ ተሰበሩ። 6ኛው የጀርመን ጦር ተከበበ፤ በየካቲት መጀመሪያም እጁን ሰጠ። ሂትለር ወዳጆቹን ረጅም ግንባር አስይዟቸዋል፤ የሚመጥን መሣሪያ ግን አልሰጣቸውም። ጃፓን ደግሞ ለራሷ ጥቅም ከሶቭየት ጋር የገለልተኝነት ውል ነበራት። ሶቭየቶችን ከምሥራቅ አልወጋችም። ስታሊንም ከሩቅ ምሥራቅ ጦር እያነሳ ሞስኮን ተከላከለ።

## «ታዲያ ብቻችንን እንቁም?»

ይህ ተገቢ ተቃውሞ ነው። ሂትለርን ያሸነፈው ጥምረት ነው። አራት ኪሎ ያለው የሚያዝያ 27 ሐውልት ራሱ የአርበኞችና የብሪታንያ ጦር አብረው የሠሩበትን ድል ያስታውሳል። ጥምረት ጦርነት ሳይነሳ ጠላትን የሚያስቆምባቸው ጊዜያትም ብዙ ናቸው። እነዚህ ግን አይታዩም፤ ያልተነሳ ጦርነት ዜና አይሆንም። ስለዚህ ከሽንፈቶች ብቻ ተነስቶ ጥምረት መጥፎ ነው ማለት ሚዛን የሳተ ይሆናል።

ሆኖም ድልም ሒሳብ አለው። በ1933 ከድሉ በኋላ የብሪታንያ ጦር ቶሎ አልወጣም። በ1934ቱ ስምምነት የውጭ አማካሪዎች ገቡ፤ ኦጋዴንም በብሪታንያ አስተዳደር ሥር ቀረ። የሐውድ አካባቢ የተመለሰው በ1947 ዓ.ም. ነው።

ምኒልክ ያደረጉት ለየት ይላል። ለአድዋ የተዘጋጁበት ጠመንጃ ከአንድ አገር አልመጣም። ከፈረንሳይ ነጋዴዎች፣ ከሩሲያ፣ ከራሷ ከጣሊያንም ጭምር ተገኝቷል። ማንም በጦር ሜዳ እንዲቆምላቸው አልጠበቁም። ጦራቸውም ሲሰለፍ በማንም ፈቃድ ላይ አልተንጠለጠለም። ያ ዘመን ጠመንጃ በግመል የሚጫንበት ነበር። ዛሬ ድሮን፣ ሳተላይትና ሶፍትዌር ሻጩ ከሩቅ ሊያቆማቸው ይችላል። ስለዚህ ያንኑ መንገድ መድገም ከባድ ነው።

## አሁን በቀንዱ

የአሁኑ አሰላለፍ ከሂዌት ዘመን ጋር የሚመሳሰልበት ነገር አለ። ግብፅን ወደ ሶማሊያ የሚያመጣት የዓባይ ጉዳይ ነው። ሶማሊያን ወደ ግብፅ የወሰዳት የሶማሊላንድ ጉዳይ ነው። እነዚህ ሁለት የተለያዩ ጠቦች ናቸው። ሶማሊያ የዓባይን ጠብ ከወረሰች የመጎተት አደጋው የእሷ ነው። ግብፅ ከህዳሴ ግድቡ ጋር በተያያዘ ከኢትዮጵያ ጋር ብትስማማ ሞቃዲሾ ብቻዋን ትቀራለች። ኢትዮጵያም በበኩሏ የባሕረ ሰላጤው አገሮች እርስ በርስ ባላቸው ፉክክር ውስጥ ከገባች ተመሳሳይ አደጋ አለባት። እዚያ የሚደረግ እርቅ ወይም ጠብ አዲስ አበባ ላይ አይወሰንም።

ቱርክ ከኢትዮጵያም ከሶማሊያም ጋር የመከላከያ ግንኙነት አላት። ከሁለቱም ጋር ወዳጅ የሆነ አገር መልካም አስታራቂ ይሆናል፤ አንካራ ላይም ታይቷል። ሁለቱ ቢጣሉ ግን ለአንዱ ይደርሳል ብሎ ማቀድ ባዶ ተስፋ ነው። ብሪክስም የኢኮኖሚና የፖለቲካ መድረክ እንጂ የጦር ጥምረት አይደለም። አባል መሆን ወታደር አያስገኝም።

ለሕዝብ ውይይት ትልቁ ችግር የጽሑፍ እጥረት ነው። የሶማሊላንዱ መግባቢያ ሰነድ ሙሉ ቃሉ ለሕዝብ አልወጣም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 12 አስፈጻሚው የሚዋዋላቸውን ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የሚያጸድቀው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው ይላል። የመከላከያ ስምምነት ለምክር ቤቱ ሲቀርብ አባላቱ ሊጠይቁ የሚገባቸው ነገር ከላይ ካየነው ታሪክ ውስጥ አለ። በዚህ ውል የማንን ጠብ እንወርሳለን? እኛ የምንሰጠው ይመለሳል ወይ፣ እነሱ የሚሰጡትስ በአንድ ቀን ሊነሳ ይችላል ወይ? መሣሪያው ከመጣ ጥገናው በማን እጅ ነው? አቅራቢው ቢያቆም ሠራዊቱ ስንት ወር ይቆያል?